ሳይቴሽኑ ስንት ደረሰ ከማለታችን በፊት

በሳንባና በመተንፈሻ አካላት ጤና ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ነገር አንድ ነው። ጎግል ስኮላር ገብተን ስሙን እንጽፋለን። በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ ሰንጠረዥ እናያለን፤ ጠቅላላ ሳይቴሽን (ጽሑፎቹ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ)፣ ኤች-ኢንዴክስ፣ አይ-10 ኢንዴክስ (ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ ጽሑፎች ብዛት)። ከዚያ «ትልቅ ሰው ነው» ወይም «ገና ነው» ብለን ገጹን እንዘጋለን። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የአንድ ሰው የ30 ዓመት ልፋት በዚያች ግማሽ ደቂቃ ይፈረድበታል።

ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። በሥራዬ ምክንያት የሌሎች ተመራማሪዎችን የሕትመት ዝርዝር አይቼ አስተያየት እንድሰጥ እጠየቃለሁ፤ ለደረጃ ዕድገት፣ ለምርምር ገንዘብ፣ አንዳንዴም ለሽልማት። ቁጥሩን እኔም አያለሁ፣ አልጠላውም። ቁጥሩ ግን ስለ ሥራው ምን ያህል እንደተጻፈ ብቻ ነው የሚነግረኝ። በሥራው ምክንያት አንድ ሰው እንኳን ትንፋሹ ቀሎለት እንደሆነ ለማወቅ ጽሑፎቹን መክፈት አለብኝ። ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ኤች-ኢንዴክስን ያመጣው ሐኪም አይደለም። ሆርኼ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ በ2005 ነው ያቀረበው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 40 ጊዜ የተጠቀሱ 40 ጽሑፎች ካሉት ኤች-ኢንዴክሱ 40 ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በአንድ ጽሑፍ ብቻ ስሙ የገነነውንም፣ ማንም የማያነበውን ነገር በብዛት የሚያሳትመውንም ለመለየት ይረዳል። ግን ቁጥሩ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ሰውየው ጡረታ ቢወጣም፣ ቢሞትም መጨመሩ አይቀርም። ስለዚህ ዕድሜንም አብሮ ነው የሚለካው። ደግሞ በሕይወት ዘመኑ ሦስት ጽሑፍ ብቻ አሳትሞ ሦስቱም የሕክምናን አካሄድ የቀየሩለት ሰው ቢኖር ኤች-ኢንዴክሱ 3 ላይ ይቆማል።

የእኛ ዘርፍ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በ2005 የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲና የአውሮፓ ሬስፒራቶሪ ሶሳይቲ ስፓይሮሜትሪ (ታካሚው በመሣሪያ ውስጥ እየነፋ የሳንባ አቅሙ የሚለካበት ምርመራ) እንዴት መሠራት እንዳለበት የጋራ መመሪያ አወጡ። መሣሪያው እንዴት ይፈተሻል፣ ታካሚው ስንት ጊዜ ይነፋል፣ የትኛው አነፋፍ ይያዛል፣ የትኛውስ ይጣላል የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ የሰውን ትንፋሽ ለክቶ የጻፈ ተመራማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል ያንን መመሪያ ወይም በ2019 የወጣውን ማሻሻያውን ይጠቅሳል። ሥራው ትልቅ ነው፤ ሁላችንም በአንድ ዓይነት መንገድ ካልለካን የአንዱን ሆስፒታል ውጤት ከሌላው ጋር ማነጻጸር አንችልም ነበር። ግን ስሙ እዚያ ላይ ስላለ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ሳይቴሽን ያገኘን ሰው፣ ብቻውን አዲስ ነገር ካገኘ ሰው ጋር በአንድ ዓምድ ደርድሮ «ይሄ ይበልጣል» ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የዓለም የበሽታ ጫና ጥናቶችም እንደዚሁ ናቸው። በአንድ ጽሑፍ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስሞች አሉ። አስምና ሲኦፒዲ (የአየር መተላለፊያን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) በየአገሩ ስንት ሰው እንደሚገድሉ የምናውቀው በእነሱ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ግን ከቁጥሩ አይታይም።

አሁን ሁልጊዜ የማነሳውን ታሪክ ልንገራችሁ። ግራሃም ሊጊንስ በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ የሚሠራ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነበር። ያጠና የነበረው ስለ ሳንባ አልነበረም። ምጥ በምን እንደሚጀመር ለማወቅ በበጎች ላይ ነበር የሚሠራው። ለጽንሱ ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባለው የሆርሞን መድኃኒት ሲሰጥ ግልገሎቹ ያለጊዜያቸው ይወለዳሉ። እዚህ ላይ ያልጠበቀውን ነገር አየ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ጨርሶ መተንፈስ የማይገባቸው ግልገሎች ይተነፍሳሉ። ሳንባቸው ሲታይም አየር ገብቶበታል። ይህን በ1969 ጻፈ። ሌላ ሰው ቢሆን «ከርዕሴ ውጭ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር።

ሊጊንስ አላለፈውም። ከሕፃናት ሐኪሙ ከሮስ ሃዊ ጋር ሆኖ ያለጊዜያቸው ሊወልዱ በተቃረቡ 282 እናቶች ላይ ሙከራ አደረገና ውጤቱን በ1972 ፔዲያትሪክስ በሚባለው ጆርናል አወጡት። ሳይታቀድ ምጥ ከመጣባቸው እናቶች በተወለዱት ሕፃናት መካከል እናቶቻቸው ቤታሜታዞን የተባለውን ኮርቲኮስቴሮይድ ካገኙት ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱት 3.2 በመቶ ነበሩ። ካላገኙት ደግሞ 15 በመቶ። የመተንፈስ ችግሩም ከ25.8 ወደ 9 በመቶ ወርዷል። ይህን አንብቦ ዝም ማለት ይቻላል? ተችሏል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት መድኃኒቱ በሰፊው እንዲሰጥ የሚመክር የጋራ ስምምነት ያወጡት በ1994 ነው። 22 ዓመት! በዚያ መሃል ሌሎችም ሙከራዎች ተደርገው፣ ተመሳሳይ ውጤት እያሳዩ፣ ብዙ ሐኪሞች ግን አልተከተሉትም። የሕክምና ሙከራዎችን ሰብስቦ በሚገመግመው በኮክሬን ድርጅት ዓርማ ላይ ያሉት አግድም መስመሮች የእነዚያ ሙከራዎች ውጤት ናቸው፤ ተሰብስቦ ቢታይ ኖሮ ስንት ሕፃን ይተርፍ እንደነበር እንዳይረሳ ተብሎ ነው እዚያ የተቀመጠው።

አስቡት፤ በ1977 አንድ ኮሚቴ ተሰብስቦ «ባለፉት አምስት ዓመታት ይህ ሥራ ምን ለውጥ አመጣ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመልስ ነበር? ኢምፓክት ፋክተር የሚባለው ደግሞ ከዚህም የባሰ አጭር ዕይታ አለው፤ አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዓመቱ ውስጥ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ነው የሚያሰላው። ዩጂን ጋርፊልድ ያመጣው ጆርናሎችን ለመምረጥ እንዲረዳ ነው። ሰውን ለመመዘን አልነበረም። እኛ ነን የጆርናሉን ቁጥር አንስተን የሰው ግንባር ላይ የለጠፍነው።

በጨቅላ ሕፃናት ሳንባ ላይ ሌላም ረጅም መንገድ አለ። ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ በ1959 ያለጊዜያቸው ተወልደው በመተንፈስ ችግር የሞቱ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ የጎደለውን አሳዩ፤ የአየር ከረጢቶቹ ትንፋሽ ሲወጣ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ሰርፋክታንት። በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ በሽታ ተወልዶ በ39 ሰዓቱ ሞተ። ምክንያቱ ታውቋል፣ መድኃኒት ግን የለም። ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ ሰርፋክታንትን ወደ ሳንባቸው አስገብቶ ለ10 ሕፃናት መስጠቱን ያሳተመው በ1980 ነው። አስር ሕፃን ብቻ! ዛሬ አንድ ወጣት ተመራማሪ 10 ታካሚ ይዞ ቢመጣ «ናሙናህ ትንሽ ነው» ብለን የምንመልሰው ይመስለኛል።

ቀጥሎ የማነሳው ደግሞ አሁንም ያናድደኛል። ጣት ላይ ተሰክቶ የደም ኦክስጅንን የሚለካውን ፐልስ ኦክሲሜትር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በኮቪድ ጊዜ በየቤቱ ገብቷል። በ1990 አማል ጁብራንና ማርቲን ቶቢን ቼስት በተባለው ጆርናል ላይ፣ በቬንቲሌተር በሚተነፍሱ ታካሚዎች ላይ መሣሪያው ቆዳቸው ጥቁር በሆኑት ላይ ይበልጥ እንደሚሳሳት ጻፉ። ጽሑፉ ታተመ፣ ሰዎች አነበቡት፣ ሕይወትም ቀጠለ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2020፣ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን አንድ አጭር ደብዳቤ ወጣ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ሲያሳይ በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘ ታካሚዎች፣ ከተጠኑት ቡድኖች በአንደኛው፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበሩ። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ይህኛው ወዲያው መነጋገሪያ ሆነ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በየካቲት 2021 ማሳሰቢያ አወጣ።

ሁለቱም ጽሑፎች እውነት ተናግረዋል። የመጀመሪያው በ30 ዓመት ቀድሟል። ልዩነቱ የሰሚው ነው። ስለዚህ የአንድን ተመራማሪ ሳይቴሽን ሳይ፣ ከሥራው ጥራት ጋር በዚያ ዘመን የሙያ ባልደረቦቹ ምን መስማት ይፈልጉ እንደነበርም አብሬ እያየሁ መሆኑን አልረሳም። ጉዳዩ የማን ሳንባ ነው? የትኛው ታካሚ? ስለ እሱ የሚጽፉ ስንት ሰዎች አሉ? ጥቂት ሰው በሚሠራበት ጉዳይ ላይ የሚሠራ ሰው የሚጠቅሰውም ጥቂት ነው። በጭስ በተሞላ ማድቤት ውስጥ ስለሚያድጉ ሕፃናት የሚያጠና ሰው፣ ስለ አዲስ ውድ መድኃኒት ከሚያጠና ሰው ያነሰ ቢጠቀስ ሥራው ያንሳል ማለት አይደለም።

ሌላው ነገር፣ ሳይቴሽን ሁሉ ምስጋና አይደለም። ፍሌቸርና ፒቶ በ1977 ያሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ አለ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የሳንባ አቅም ከዕድሜ ጋር እንዴት ቶሎ እንደሚወርድ የሚያሳየውን ኩርባ የማያውቅ የሳንባ ሐኪም የለም። እኛም የተማርነው በእሱ ነው። በ2015 ግን ላንጌና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር አሳዩ፤ ሲኦፒዲ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሳንባቸው ቶሎ ስለወረደ አልነበረም፤ በወጣትነታቸው ድሮውኑ ሙሉ አቅም ላይ አልደረሱም ነበር። ይህን የመሰለ ጽሑፍ የድሮውን የሚጠቅሰው ሊያርመው ነው። ለቆጣሪው ግን አንድ ነው፣ ይደምረዋል። ለነገሩ የፍሌቸርና የፒቶ ሥራ በዚህ አላነሰም፤ ሲጋራ ማቆም ውድቀቱን እንደሚያዘገይ የተናገሩት ዛሬም ይሠራል።

ከዚህ የከፋም አለ። በግንቦት 2020 ላንሴት ላይ ሰርጂስፊር ከሚባል ኩባንያ በመጣ መረጃ ላይ የተመሠረተ፣ ወደ 96,000 የኮቪድ ታካሚዎችን አጠና የተባለ ጽሑፍ ወጣ። ለኮቪድ ይሞከር የነበረው የወባ መድኃኒት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይገድላል የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ መድኃኒት ላይ ያደርገው የነበረውን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። መረጃው ለገለልተኛ ምርመራ አልሰጥም ሲባል ጽሑፉ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተሰረዘ። ከተሰረዘ በኋላም ሰዎች እንዳልተሰረዘ አድርገው ሲጠቅሱት ቆይተዋል። ያ ሁሉ ሳይቴሽን የሆነ ቦታ ተደምሯል።

በዚያው ወቅት ደግሞ የኮቪድ መድኃኒቶችን የፈተነው የሪከቨሪ ሙከራ ነበር። ዴክሳሜታዞን ርካሽ፣ ሁሉም የሚያውቀው የቆየ መድኃኒት ነው። በቬንቲሌተር ላይ ከነበሩት ታካሚዎች በ28 ቀን ውስጥ የሞቱትን ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ አወረደ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን እንዳልጠቀመም በግልጽ ተናግሯል። ይህ ጽሑፍም በጣም ተጠቅሷል፣ ይገባዋልም። ግን በኮቪድ ዓመታት አንድ ሁለት ጽሑፍ ያወጣ ሰው ሳይቴሽኑ እንዴት እንደተመነጠቀ፣ በዚያው ጊዜ በሳንባ ነቀርሳ ላይ ሲለፋ የነበረው ደግሞ እንዴት ባለበት እንደቆየ ሳይ፣ የ2020ንና የ2021ን ዓምድ ለብቻው ማየት ለምጃለሁ። በስኮላር ገጽ ላይ ያለውን የዓመት ግራፍ ብቻ እዩት፤ በአንዳንዶቹ ላይ ያ ጉብታ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሰው በሚቆጠርበት ነገር መሠረት ነው የሚሠራው። ቁጥሩ ከፈለገ አንዱን ጥናት ስድስት ቦታ ቆራርጦ ማሳተም ይመጣል። አስም ላይ አንድ መረጃ ይሰበሰባል፤ አንዱ ጽሑፍ ስለ ሴቶች፣ አንዱ ስለ ወንዶች፣ አንዱ ስለ እንቅልፍ፣ አንዱ ስለ ክብደት፣ እያንዳንዱም ሌሎቹን ይጠቅሳል። ይህን ሲያደርጉ ያየኋቸው ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ኮንትራታቸው በዓመት ይታደሳል። ከዚህ በተቃራኒ ሪቻርድ ዶልን አስቡ። ከብራድፎርድ ሂል ጋር ሆኖ የእንግሊዝ ሐኪሞችን ማጨስ መከታተል ጀመረ፤ 34,439 ወንዶች። የመጀመሪያው ውጤት በ1954 ወጣ። የ50 ዓመቱ ክትትል ውጤት በ2004፣ ዶል ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው። በ30 ዓመቱ ማጨስ ያቆመ ሰው ወደ 10 ዓመት ዕድሜ እንደሚያተርፍ፣ በ60 ዓመቱ ያቆመ እንኳን ወደ 3 ዓመት እንደሚያገኝ ያወቅነው ከዚያ ነው። ዛሬ ለ50 ዓመት ጥናት ገንዘብ የሚሰጥ ማን ነው?

የስም ቅደም ተከተልም አለ። በሕክምና ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ያለው ሥራውን የሠራው ነው፤ መጨረሻ ያለው ቡድኑን የመራው። መሃል ያሉት... መሃል ያለው ነገር ይለያያል። መሃል ላይ ያለው ስም ሌሊት ታካሚ ሲመዘግብ ያደረ ሐኪም ሊሆን ይችላል። ስታቲስቲኩን ብቻውን የሠራ፣ ያለ እሱ ጥናቱ የማይሆን ሰውም ሊሆን ይችላል። ወይም ክፍሉን ስለሚመራ ብቻ ስሙ የገባ አለቃ። አሁን ብዙ ጆርናሎች ማን ምን እንደሠራ በ14 ዓይነት ድርሻ ከፋፍለው መጨረሻ ላይ ያትማሉ። ያቺን አንቀጽ ማንም አያነባትም፤ እኔ መጀመሪያ የማነበው እሷን ነው። በነገራችን ላይ ስማችሁ በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት መንገድ የሚጻፍ ከሆነ ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጡ። ነጻ ነው፣ 16 አኃዝ ነው። ያለዚያ ጽሑፋችሁ በሁለት ሰው ስም ተከፋፍሎ ይቀራል፤ ወይም የሌላ ሰው ሥራ እናንተ ላይ ይደመራል።

ከሁሉ በላይ የማከብረው ግን «አልሠራም» የሚል ውጤት ያሳተመን ሰው ነው። ሃፒን የሚባለው ትልቅ ሙከራ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ ወደ 3,200 የሚጠጉ እርጉዝ ሴቶችን ይዞ ለግማሾቹ የጋዝ ምድጃና ጋዝ በነጻ ሰጠ። የሚተነፍሱት ጭስ በጣም ቀነሰ። ሁላችንም የሕፃናቱ ከባድ የሳንባ ምች ይቀንሳል ብለን ጠብቀን ነበር። በ2024 የወጣው ውጤት ግን ልዩነት አላሳየም። ተስፋ ያደረግንበት ነገር ነበርና ከባድ ነው። ግን ይህን ደብቀው ቢያስቀሩት ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት በተሳሳተ ተስፋ ላይ ይፈስ ነበር። አሁን ጥያቄው ተሻሽሏል፤ ጭሱ ከቤት ውጭ ከየት ነው የሚመጣው? ከእርግዝና በፊት ቢጀመርስ? ምን ያህል ዝቅ ቢል ነው የሚጠቅመው?

ስለዚህ አሁን የአንድን ሰው ዝርዝር ስቀበል ጠቅላላ ቁጥሩን ወደ ጎን አድርጌ ብዙ የተጠቀሱትን አምስቱን እከፍታለሁ። መመሪያ ነው? የሌሎች ሥራ ማጠቃለያ ነው? ወይስ ራሱ ያገኘው ነገር? ከዚያ ብዙ ያልተጠቀሱትን ሁለት ሦስት እከፍታለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሰውየው ልብ ያለው እዚያ ነው። የመዘገባቸው የሕክምና ሙከራዎች ሁሉ ውጤታቸው ወጥቷል ወይስ ጥሩ የመጡት ብቻ? የተሰረዘ ጽሑፍ አለው? ካለውስ ስህተቱን ራሱ አግኝቶ ነው ያነሳው ወይስ ተይዞ? እነዚህ ሁለቱ በጭራሽ አንድ አይደሉም፤ ራሱን ያረመ ሰው እኔ ዘንድ ነጥብ ይጨምራል። የኮክሬን ግምገማ ወይም የሕክምና መመሪያ ሥራውን ተጠቅሞበት እንደሆነም አያለሁ፤ ታካሚው አልጋ አጠገብ የሚደርሰው በዚያ መንገድ ነውና። ግማሽ ቀን ይወስዳል። ይውሰድ።

በ2013 ይፋ የሆነው ዶራ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ ጆርናሉን ተመልክታችሁ ሰውን አትመዝኑ ብሏል፤ ብዙ ተቋማትም ፈርመዋል። ከፈረሙት ውስጥ አንዳንዶቹ ዛሬም ኤች-ኢንዴክስ የሚሞላበት ሳጥን ያለው ቅጽ ይልኩልኛል። ሳጥኑን እሞላዋለሁ። ግን አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ በመጀመሪያው አንቀጽ ሁልጊዜ አንድ ጽሑፍ መርጬ በስሙ እጠራለሁ፣ ያ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ሐኪሞች ምን ያደርጉ እንደነበርና ከወጣ በኋላ ምን እንደተለወጠ እጽፋለሁ፣ ገና ካልተለወጠም ለምን ሊለወጥ እንደሚገባ እጽፋለሁ። ለወጣቶቹም የምላቸው ይህንኑ ነው፤ ሲቪያችሁ ላይ ከዝርዝሩ በፊት እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ ጻፉ፣ በራሳችሁ ቃል፣ ስለ ሦስት ሥራችሁ ብቻ።